አንዲት ጭብጨባ በዕድሩ አዳራሽ

ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ሜጋፎን ይዤ የምለፍፈው እኔ ስንዱ ነኝ። ዘንድሮ የዕድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ጃለታ አዲስ ነገር አመጡ፤ ድምፅ ተቀድቶ በባጃጅ ይዞራል አሉ።

"የአንቺ ድምፅ ሐዘን የለውም። አንቺም ቅጂ፣ ተረፈም ይቅዳ፤ እሁድ አባላት ይመርጣሉ።"

"እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ሬሳ አለ?" አልኳቸው።

ቦታዬን ለተረፈ ልለቅ? በአፍንጫው ለሚያወራ ሰው?

ግቢዬ ውስጥ ክፍል የተከራየው ሮዳስ የድምፅ ሶፍትዌር ይሠራል። ክፍሉ ውስጥ ቀዳኝና "እትዬ፣ ድምፅሽ ደህና ነው፤ ክፍሉ ነው ደረቅ። የአዳራሹን ማስተጋባት እናልብሰው" አለኝ። አዳራሹ ውስጥ አንዴ ይጨበጨባል፤ አዳራሹ የሚመልሰው ይቀዳል። ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ የቁጥር ሰልፍ ነው አሉ። እያንዳንዷ የድምፄ ቁጥር የአዳራሹን መልስ ሙሉውን በራሷ ልክ አባዝታ ታስከትላለች፤ ቀጣይዋም አንድ እርምጃ ወረድ ብላ እንዲሁ ታደርጋለች፤ ከዚያ የተደራረበው ይደመራል። ኮንቮሉሽን ይለዋል። እኔ ጭራ መቀጠል እለዋለሁ።

አዳራሽ ስንደርስ ሴቶቹ ለሠርግ ሽንኩርት ይልጣሉ። "ፀጥ በሉ!" አልኩና አንዴ ጧ አድርጌ አጨበጨብኩ። የሠርግ ሰው ተሰብስቦ፣ አንዷ አጨብጭባ፣ ዝም ይባላል እንዴ? "እልልልል!" ብለው ቤቱን አናጉት።

"ተበላሸ፤ እንድገመው" አለ ሮዳስ።

"አልደግምም። አዳራሹ የመለሰው ይኸው ነው።"

"እትዬ፣ እልልታው እያንዳንዱ ቃልሽ ላይ ይለጠፋል እኮ!"

"ይለጠፍ! አንድ እልልታ ምን ያደርገኛል? ግቢው የማን ነው?"

ትከሻውን ነቅንቆ ሠራልኝ። ሳልሰማው በፍላሽ ተቀብዬ ሄድኩ።

እሁድ የተረፈ ቀደመ። እውነት ለመናገር ያስለቅሳል። ከዚያ የእኔ ተከፈተ። ለሙከራ የሟች ስም ስለሚያስፈልግ፣ ልባቸውን ይንካ ብዬ የሊቀመንበሩን አስገብቼ ነበር። "የዕድራችን" እልልል! "ሊቀመንበር" እልልል! "ኦቦ ጃለታ አርፈዋል" ላይማ የቡራዩ ሠርግ ሁሉ አንድ ላይ የገባ መሰለ። እኔ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ እልልታው አላባራም።

"ያ ዋቃ! ስሞት እንዲህ ነው ደስ የሚላችሁ?" አሉ ኦቦ ጃለታ። ሰው ሆዱን ይዞ ወለል ላይ ተዘረረ። ሥራው ለተረፈ ተሰጠ።

በሳምንቱ የምር ሰው ሞተ። ተረፈ ሊቀዳ ተቀመጠ፤ "አርፈዋል" የምትለዋ ጋ ሲደርስ የእኔ እልልታ ትዝ ብሎት ሳቁ አመለጠው። ደገመ፤ ባሰበት። ከዕድሩ ሴቶች አሰጋሽ ተሞከረች፤ እሷ ገና አፏን ሳትከፍት በሳቅ ፈረሰች። ኦቦ ጃለታ ተቆጥተው፣ ቅጂው ይቅር ብለው ሜጋፎኑን ራሳቸው ያዙ፤ "አር..." ብለው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሬሳ እየጠበቀ!

"ስንዱን ጥሯት" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ምኑ ያስቃል? ሜጋፎኑን ከእጃቸው ነጥቄ ወጣሁ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ፊቴን ሳልፈታ ለፈፍኩ። ኦቦ ጃለታ አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኛል።