የአብራሪዋ ዕቅድ ከነጡረታዋ

አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ ብዬ አፌን የከፈትኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እሁድ ምሳ ላይ ነው። ጥፋቴም ይኸው ነው። ማንም ሳይሰማ ሄጄ መመዝገብ ስችል፣ አባቴ ፊት ተናገርኩት። አባቴ የውሃ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የቧንቧ መስመር ሲያቅድ ኖሯል፤ እኛ ሰፈር ግን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ።

ሹካውን አስቀምጦ፣ አፉን ጠርጎ፣ "ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በዕቅድ" አለ።

በሳምንቱ አጎቴና አክስቴ ለስብሰባ ተጠሩ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ የሊፍት ጠጋኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ስለሚሠራ በቤተሰባችን ስለ ከፍታ የመናገር መብት ያለው እሱ ብቻ ነው። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምትሸጥ የጤናው ጉዳይ ለእሷ ተሰጣት። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ "መብረር ባይኖርበት ጥሩ ሥራ ነበር" ብላ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች።

ዕቅዱ በአራት ትልልቅ ወረቀት ተሠርቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንደኛው ላይ የሒሳብና የፊዚክስ ክለሳ፣ ሁለተኛው ላይ እንግሊዝኛ፣ የመግቢያ ፈተናና የጤና ምርመራ። ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የአየር ጠባይ፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ መሬት ላይ በቆመው የበረራ መለማመጃ ስንት ሰዓት፣ ሰማይ ላይ ከአስተማሪ ጋር ስንት ሰዓት፣ ብቻዬን ስንት። አራተኛው ረዳት አብራሪ ብሎ ይጀምርና ዋና አብራሪ፣ አሠልጣኝ እያለ ጡረታ ላይ ያበቃል። የምወጣበት ወር ሳይቀር ተጽፏል። "ኃላፊነት" በሚለው ዓምድ ሥር አባቴ አለ፣ አጎቴ አለ፣ አክስቴ አለች። የእኔ ስም የገባው ጡረታው ላይ ብቻ ነው።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ሲያደንቁኝ እሰማለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ "አብራሪዋ" ይለኝ ጀመር፣ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ።

አክስቴ ለዓይኔ ብላ ካሮት እያበላችኝ መዳፌ ቢጫ ሆነ። አጎቴ ደግሞ ጆሮዬ ከፍታ እንዲለምድ ብሎ በሊፍት አሥራ ሁለት ፎቅ ያወጣኛል፣ ያወርደኛል። አንድ ቀን ሊፍቱ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፎቅ መሃል ቀጥ አለ።

"ፈራሽ?" አለኝ።

"አልፈራሁም።"

"ጎሽ! እኔ ግን ፈርቻለሁ። ሆን ብዬ አይደለም የቆመው።"

አንድ ሰዓት ተኩል ጮኸን ነው ያወጡን። እሁድ ስብሰባ ላይ "የከፍታ ልምምድ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" ብሎ ሪፖርት አቀረበ። አባቴም በአረንጓዴ ምልክት አደረገበት።

የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ በዓመት አንዴ ነው የሚመዘግበው። ዕድሜው ከሃያ አራት ያለፈ ሰው አይቀበልም። የመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ የሒሳብ ክለሳዬ ገና አልተገመገመም ተብሎ አለፈኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ሃያ አራት ሞልቶኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ሌላ የለም። ሰኞ ቅጹን አመጣሁ። ለአንድ ሰው አንድ ቅጽ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዓርብ እስከ አሥር ሰዓት መመለስ አለበት።

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛ ላይ ትቼው የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒ ላስደርግ ወጣሁ። በአባቴ መሥሪያ ቤት ወረቀት በሰው እጅ ሳይዞር አይወጣም፤ ረቂቅ ይባላል፣ ሁሉም አስተያየቱን ይጽፍበታል፣ ከዚያ በንጹሕ ይገለበጣል። ስመለስ ቅጼ በቀይ እስክሪብቶ ታጥቧል። ቁመት ከሚለው አጠገብ አጎቴ "ከነጫማ ይሁን" ብሏል። አክስቴ "ደሟ እንደገና ይታይ" ብላለች። ግርጌው ላይ ደግሞ አባቴ "በመርህ ደረጃ ተስማምቻለሁ" ብሎ ፈርሟል። ከላይ በደማቁ "በአመልካቹ ብቻ የሚሞላ" ይላል።

"በይ አሁን በንጹሕ ገልብጪው" አለኝ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

"ምን ላይ?"

"ሌላ ቅጽ ላይ ነዋ!"

"ሌላ ቅጽ የለም፣ አባዬ።"

ትንሽ አሰበና፣ "ታዲያ መጠባበቂያ ሳይያዝ ወደ ሥራ ይገባል?" ብሎ ተቆጣኝ። እኔን! ደሜ ፈላ። በእልህ አለቀስኩ።

ዓርብ ከአባቴ ጋር አብረን ሄድን። መዝጋቢዋ መስታወት ካለው መስኮት ጀርባ ተቀምጣለች። ቅጹን አየችው፤ ገለበጠችው፤ ባልደረባዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

"አመልካቹ ማን ነው?" አለች።

"እኛ ነን" አለ አባቴ።

ሳቋን አቆመችና እኔን አየችኝ። አንጀቷን ሳልበላው አልቀረሁም። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣች። "ሐሳቡን የቀየረ ልጅ የመለሰው ነው። ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ እዚሁ ፊቴ ሙዪው። እርስዎ፣ አባት፣ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ።"

ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ ውጤቴን ሞላሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "አብራሪ ለመሆን ለምን ፈለጉ? በራስዎ አባባል ይጻፉ።" ከሥሩ አምስት ባዶ መስመር።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ስንት ሰዓት በረራ እንደሚያስፈልገኝ ጠይቁኝ፣ ወዲያው እነግራችኋለሁ። ይሄን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳው ሰው የለም። የሆነ ነገር እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ ያኔ ምሳ ላይ ስናገር ልቤ ይመታ ነበር። አሁን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። አፈርኩ። ከዚያም እንደ ሕፃን ዞር አልኩ።

"አባዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ቦርሳውን ከፍቶ ከግድግዳ ነቅሎ ያመጣቸውን አራት ወረቀቶች መሬት ላይ ዘረጋ። ተንበርክኮ መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አራተኛውን ጨርሶ እንደገና ወደ አንደኛው ተመለሰ።

"እዚህ የለም" አለ። ድምፁ እንዲህ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም። "አልጠየቅንሽም እንዴ?"

"አልጠየቃችሁኝም።"

"አምስት ደቂቃ ቀረሽ፣ የኔ እህት" አለች መዝጋቢዋ።

አባቴ መሬት ላይ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ተዘጋ፤ ቅጹ አምስቱ መስመር ባዶ እንደሆነ እጄ ላይ ነበር።