በጋኑ ስንጥቅ የበቀለው

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ታላቅ እህቴ እታለም ከሙዚየሙ በር ላይ ሆና «ና ቶሎ! ጋኑ አበቀለ!» ብላ ጠራችኝ።

እታለም ሙዚየም የሆነውን ያን አሮጌ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጠርጋዋለች። ብርዱ ሲለቅ የሰፈሩ ሰው ይሰበሰብና የሙዚየሙን ዕቃ ፀሐይ እንዲመታው ወደ ግቢ ያወጣል። ልብስ ሰፊው ካባውን፣ ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን፣ ሁሉም የለመደውን ይሸከማል። ጋኑ ግን ከባድ ስለሆነ ከደጃፉ ንቅንቅ አይልም፤ የምትወለውለው እሷ ነበረች። በዚያ ቀን ከስንጥቁ ሁለት ቅጠል ብቅ ብሎ አገኘነው።

ሰው ከበበው።

«የጥንት ስንዴ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ስንዴ የምታውቀው ዳቦ ሆኖ ነው!» አለው ልብስ ሰፊው።

ሸክላ ጠጋኙ በሳምንቱ መጥቶ ጋኑን ሊያራግፍና ስንጥቁን ሊደፍን ቀጠሮ ነበረው። እታለም ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ልቧ እንደደከመ፣ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እንዳልሰጣት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«የኔ ልጅ፣ አበባውን እስካይ ብቻ ይቆይልኝ» ብላ የሙዚየሙን ኃላፊ ለመነቻት።

«ሥሩ ቢሰነጥቀውስ፣ እትዬ?»

«ተሰንጥቆ አይደል እንዴ የበቀለው!»

ኃላፊዋ ሳቀችና ጠጋኙን አዘገየችው።

ወደ ቤት ስንሄድ እታለም ክንዴን ያዘች። «ለማንም እንዳትናገር። ምሳ ሰዓት ላይ የዱባ ፍሬ ስቆረጥም ገለባውን ጋኑ ውስጥ ነበር የምጥለው። የቆሻሻ ቅርጫቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ጠራጊዋ ራስሽ?»

«አዎ፣ ራሴ! ግን የተቆላ ነው። የተቆላ ሲበቅል አይተህ ታውቃለህ? ስለዚህ የኔ አይደለም። ታዲያ የማን ነው?»

ቅጠሉ ሲሰፋ ክርክሩ ጠበበ፤ ወይ ዱባ ነው፣ ወይ ቅል። ቅል ከሆነ አበባው ነጭ ነው፤ ምናልባት ከድሮ ባለቤቶቹ የቀረ ይሆናል። ዱባ ከሆነ ቢጫ ነው። እታለም አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም በየቀኑ «ፈነዳ?» ትለኝ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ መጣ። በታክሲ ወሰድናት፤ ሁለት ሆነን ደግፈን ከጋኑ ፊት አቆምናት። አበባው መዳፍ ያህላል፤ ቢጫ።

ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«የኔው ነው!» አለች ሁሉም እየሰማ። «አንዷ ሳትቆላ አምልጣኛለች።» የገለባውንም ነገር አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

ኃላፊዋ አፏን ያዘች። «ጎብኚ ከረሜላ ጣለ ብለሽ ስትቆጪ የኖርሽው አንቺ?»

«ታዲያ ማን ይጠረጥረኛል?»

እታለም በዘጠነኛው ቀን ዐረፈች። ጠጋኙ ስንጥቁን የደፈነው ዱባው ደርሶ ከተቆረጠ በኋላ ነው።