አምስተኛዋ ሰው

ዶሮው ሊጮህ ሲል በሩ ተንኳኳ።

እማማ ስሜነሽ የሚተርኩትን የወንጌል ታሪክ ጴጥሮስን እሳቱ ዳር እንዳቆሙት አቋረጡ። ሶፋው ላይ ግራና ቀኝ የተለጠፉባቸው የልጅ ልጆቻቸው፣ የአሥር ዓመቷ ሩሀማና የስድስት ዓመቷ ፊቤ፣ ተያዩ።

በስደት አገር፣ ዮቪል በሚባል ሰፈር በሚገኘው በዚህ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ጠዋት በር የሚያንኳኳው የሕንፃው ተቆጣጣሪ ነው። የኪራይ ውሉ ለአራት ሰው ነው፤ ለልጃቸው ለሰርክአዲስ፣ ለባሏ ለክፍሉና ለሁለቱ ልጆች። እማማ ስሜነሽ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ውሉ ላይ ግን የሉም። ሰርክአዲስ ዳቬይተን ወዳለው ሱቃቸው ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ ሩሀማን ታስጠነቅቃታለች፤ "ሰው ከመጣ አያቴ የለችም በይ። ገባሽ?"

"እማማ፣ መኝታ ቤት ግቢ፤ ቶሎ!" አለች ሩሀማ በሹክሹክታ።

እማማ ገብተው ከበሩ ጀርባ ቆሙ። ለምደውታል። እንዲያውም አንዳንዴ፣ ሰው እስኪሄድ ድረስ፣ እዚያው ቆመው ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ።

"ሳውቦና" ሲል በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጠ ወፍራም የወንድ ድምፅ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም። አንዲት ቃል ግን ለዩ፤ "ጎጎ"። ደረጃው ላይ የሚጫወቱ የጎረቤት ልጆች የሚጠሯቸው በእሷ ነው፤ አያት ማለት ናት።

"ኖ" አለች ሩሀማ።

ሰውየው ያችኑ ቃል እየጠራ ደግሞ ጠየቀ።

"ኖ" አለች ሩሀማ፤ አሁን ድምጿ ቀጠነ።

"ሩሂ!" አለች ፊቤ በአማርኛ፣ ደንግጣ። "ሁለቴ አልሽ!"

ከዚያ የሩሀማ ለቅሶ ተሰማ። ትንፋሿን ውጣ የምታለቅሰው ለቅሶ።

እማማ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ማታ ማታ 'እናትሽን ታዘዢ፤ እግዚአብሔር የሚወደው እሱን ነው' ይሏታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጴጥሮስ 'አላውቀውም' ብሎ ሦስት ጊዜ ጌታውን ሲክድ ነገሯት። ልጅቷ ሁለቱንም አምና ተቀብላለች። ታዲያ አሁን የትኛውን ትያዝ?

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

"ሳውቦና" አሉ፣ ከጎረቤት ልጆች እንደለመዱት።

ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነበር። ሲያያቸው ኮፍያውን አወለቀ። አልተቆጣም፤ ለሩሀማ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራትና ሄደ።

"ምን አለ?"

"እስከ ሰኞ ማሚ ራሷ ቤቱን ላከራየን ኤጀንት ካልነገረች፣ እኔ መናገሬ አይቀርም አለ።" ሩሀማ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ማሚ ትገድለኛለች።"

"አንቺን ምን አድርገሽ? የወጣሁት እኔ ነኝ።"

አመሻሹ ላይ ሰርክአዲስ ገባች። ነገሩን ስትሰማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

"እማዬ፣ ቢያስወጡንስ? የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። ወረቀታችን በዚህ አድራሻ ነው። ስንቴ ነገርኳት!"

"ልጅሽ ታዝዛሻለች። የለችም ብላለች፤ ሁለት ጊዜ።"

"ታዲያ አንቺ ለምን ወጣሽ?"

"ሦስተኛውን እንዳትለው ብዬ።"

ሰርክአዲስ አልገባትም። እማማ የጠዋቱን ታሪክ ነገሯት። ቁጣዋ ትንሽ በረድ ቢልም አልተዋጠላትም።

"እማዬ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሌላ፣ ኪራይ ቤት ሌላ።"

"ለእኔና ላንቺ ይሆናል" አሉ እማማ። "ለእሷ ግን አንድ ነው። እኔ ነኝ አንድ ነው ብዬ ያስተማርኳት።"

ሩሀማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ኖሯል። "ማሚ፣ ሶሪ" አለች። "ግን እኮ እማማ እዚህ ነው የምትኖረው።"

ሰርክአዲስ ወደ ልጇ ዞረች። የልጅቷ ዓይኖች አብጠዋል። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና የኤጀንቱን ስም ፈለገች። አንድ ሁለት ቃል ጽፋ አጠፋችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አጠፋችው።

"ነይ እስቲ" አለች በመጨረሻ፣ ስልኩን ወደ ሩሀማ ዘርግታ። "እንግሊዝኛሽ ከእኔ ይሻላል። አንቺ ጻፊው።"

"ምን ብዬ?"

"አምስት ሰው ነን በይ።"