የሰባተኛው መስመር ማይነስ

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ሚስትየው፣ የባሏን የሥራ ክፍል በር ከኋላዋ እየዘጋች።

የባሏ የቀድሞ ተማሪ ከመሳቢያው ቀና አለ። ስልክ ላናግር ብሎ ከለቀስተኛው መሀል ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ ስልኩ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። በእጁ የያዘው ሰማያዊ አቃፊ ነው።

«እትዬ፣ ለመታሰቢያ እትሙ የሚሆን ወረቀት ስፈልግ ነው። መጽሔቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቀን።»

«ታዲያ ጠይቀህ አትወስድም ነበር?»

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ሳሎን ውስጥ፣ ይኸው ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነ ተማሪ፣ «አንዱ ጽሑፋቸው ብቻ አራት ሺህ ጊዜ ተጠቅሷል» ብሎ ለተቀመጠው ሰው ሲያስረዳ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «አራት ሺህ ሰው ሲጠቅሰው አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» አለቻት። ሳቋ አመለጣትና ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሁሉ «በቃሽ፣ በቃሽ» አሏት።

ቢኖር ከሁሉም በላይ የሚስቀው ባሏ ነበር። ኬሚስት መሆኑን ሰምተው ሳሙና ሥራልን ለሚሉት ጎረቤቶች አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው። ሥራው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሞለኪውሎች ሲገናኙ ይያያዙ ወይም ይለያዩ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያሰላል።

«አምጣው» አለች።

«እትዬ፣ ለእርስዎ ምንም አይጠቅምዎትም።»

«አምጣው አልኩህ።»

አቃፊው ውስጥ ሁለት ወረቀት ብቻ ነበር። አንዱ በባሏ እጅ የተጻፈ አሮጌ ሠንጠረዥ፣ ሌላው ከሁለት ዓመት በፊት ለመጽሔቱ አዘጋጅ የተጻፈ፣ ያልተላከ ደብዳቤ ነው። ቆማ አነበበችው። ያ አራት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ ሠንጠረዡ ሰባተኛ መስመር ላይ ማይነስ ቀርቶበታል ይላል ደብዳቤው። ማይነሱ ካለ ሁለቱ ሞለኪውሎች ይያያዛሉ፤ ከሌለ ይለያያሉ። ስህተቱ የእኔ ነው ይላል።

በእጁ የጻፈውን ሠንጠረዥ አየችው። ሰባተኛው መስመር ላይ ማይነሱ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ያንን ጽሑፍ ታይፕ የመታችው እሷ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እሱ ከምግብ ጠረጴዛው ዳር ቆሞ «ማይነስ ሁለት ነጥብ አራት፣ ማይነስ ሦስት ነጥብ አንድ» እያለ ያነባል፣ እሷ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመታለች። ሕፃኗ ስታለቅስ አንዷ ማይነስ ከጆሮዋ አምልጣ ኖሯል። የተመታውን መልሶ ያየው ደግሞ እሱ ነው፤ እሱም አላያትም።

«ይሄ ከወጣ፣» አለ ተማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሳቸውን ቀብረን ሳናበቃ ስማቸውን ልንቀብር ነው። እዚያ ቁጥር ላይ የቆመ ስንት ሥራ አለ መሰለዎት!»

«ያንተስ?»

«የእኔም አለ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «መመረቂያ ጽሑፌ ጭምር።»

«ነገ የሚጠቅሱትስ?»

ከሳሎን የሻይ ብርጭቆ ሲጋጭና ሰዎች ሲንሾካሾኩ ይሰማል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ለምንድን ነው ያልላከው?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹ሰው ይከፋብኛል› አሉኝ። እኔን መስሎኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

አንተን አይደለም አላለችውም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ባሏ ከመሬት ተነስቶ «ያኔ ታይፕ ስትመቺ የማነብልሽ እኔ ነበርኩ አይደል?» ብሏት ነበር። «አንተ ነሃ፣ ሌላ ማን አለ?» አለችው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለና ዳቦውን መቁረስ ቀጠለ። አሁን ተናደደችበት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እንዳይከፋት ብሎ፣ እንደ ልጅ ደብቋት ኖረ! እንባዋም መጣ፣ የቀብሩ ቀን እንቢ ያላት እንባ።

«ኮምፒውተሩን ክፈተው።»

«እትዬ፣ ትንሽ ያስቡበት። አርባው ይውጣ።»

«ሁለት ዓመት ታስቦበታል። አንተ አንብብልኝ፣ ዓይኔ አልለይ ብሎኛል።»

ተማሪው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ደብዳቤውን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላት፣ እሷም እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ጻፈች። መስመሩን፣ ቁጥሩን፣ ማይነሱን።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለ ተማሪው።

እሷ «የእኛ» ብላ ጻፈች።

«እትዬ፣ ‹የእኔ› ነው የሚለው።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ጣቷን ከፊደሉ ሳታነሳ። «ቀጥል።»