ጣሪያው የሚንቀጠቀጥበት ስታዲየም

ሲልቪ የምትደግፈውን ቡድን ተከትላ ያልገባችበት የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ስታዲየም የለም። ዛሬም ሰሜን ሚሺጋን ውስጥ፣ ባረጀው የቡድኑ የእንጨት ስታዲየም ተቀምጣ ባሏን ቶይቮን በወሬ ታደርቀዋለች።

«የተጋጣሚዎቻችን አዲሱ ስታዲየም ወንበሩ ሞቃት ነው፤ ግን ሆስፒታል ወረፋ የያዝክ ነው የሚመስልህ። የኛን እየው! ስንጮህ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ የት አለ?»

«ሰማሁ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ስንቴ ልስማው?» አለ ቶይቮ ቋሊማውን እየገመጠ።

ከትናንት ጀምሮ ያላባራው በረዶ ጣሪያው ላይ ተከምሯል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ለሞቱት የቀድሞ አሰልጣኝ የኅሊና ጸሎት ተባለ። አዳራሹ ጸጥ ረጭ አለ።

ያኔ ሲልቪ ሰማችው። ከላይ፣ ወፍራሙ ወራጅ እንጨት ሲጢጥ አለ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠና የእንጨት ብናኝ ጭኗ ላይ ረገፈ። ማንም አልጮኸም እኮ! የባሏን ክንድ ጨበጠች።

«ቶይቮ፣ እንውጣ። ጣሪያው...»

«ዝም በይ፣ ነውር ነው!»

ጸሎቱ አበቃ። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሕዝቡ ግር ብሎ ተነሳ፤ ከበሮው ተመታ፤ አዳራሹ በጩኸት ቀለጠ። ሲልቪ እጆቿን እያወናጨፈች፣ «አትጩሁ! ኧረ በፈጠራችሁ አትጩሁ!» ብላ ጮኸች።

ከፊቷ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ ሳቀላት።

«እንዲህ ነው እንጂ ደጋፊ!»