የአባቴ አፍንጫና የአዋላጇ መኪና

አባቴ መኪና የሚመረምረው በአፍንጫው ነው። ሞተሩ እየሠራ ከኋላ ይዞርና ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ከጭስ ማውጫው አንድ ክንድ ርቆ ሁለት ጊዜ ይስባል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ማንንም ሳያነጋግር፣ የመኪናው የፊት መስታወት ላይ በጠመኔ ፍርዱን ይጽፋል። «ካንዴላ።» «ዘይት ይበላል።» «ውሃ ገብቷል።» ጠመኔው አንዴ ካረፈ ይግባኝ የለም። ራሱ በእርጥብ ጨርቅ እስኪያጠፋው ድረስ ከተጻፈው ሌላ መፍታት በጋራዣችን ክልክል ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ደንበኞቹ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል ደግሞ «አፍንጫው» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያውቃል፤ አያስከፋውም። እንዲያውም ሲሰማ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

እኔ ልጁ ነኝ። ሙያውን በትምህርት ቤት ተምሬ፣ መመርመሪያ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ኮምፒውተሬን «ያቺ ሬዲዮሽ» ይለዋል። እኔ ትዕግሥት አላት የሚባልልኝ ሰው አይደለሁም፤ ግን አባት ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የመጣው በአዋላጇ መኪና ነው። አዋላጇ ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ አባቴ «ሲስተር» እያለ የሚያከብራት ሴት ናት። መኪናዋ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። ቢሆንም ምጥ የያዛት ሴት ስታስጠራት የምትደርሰው በእሱ ነው። ይህ መኪና ቤንዚን እንደ ውሃ መጠጣት፣ ጥቁር ጭስ መትፋት፣ ቆም ሲል ደግሞ ወባ እንደያዘው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ስታመጣው አባቴ ጎንበስ አለ፣ ሳበ፣ «ካንዴላ» ብሎ ጻፈ። ስፈታቸው እውነትም ቤንዚኑን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ከሰል መስለዋል። ቀየርኳቸው። በሳምንቱ ተመለሰች። አሁን «ፊልትሮ» ብሎ ጻፈ፤ የአየር ማጣሪያውን ማለቱ ነው፤ እሱንም ቀየርኩ። አዲሶቹ ካንዴላዎች ግን እንደገና መጥቆር ጀምረው ነበር።

የገረመኝ ሽታው ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ያልተቃጠለ ቤንዚን ዓይን ያቃጥላል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የደንበኛ ልክ እየወሰደ ሳለ ሁሉን ትቶ በሩን ዘጋ። አባቴ ግን እዚያው አጠገቡ ሁለቴ ስቦ፣ ፊቱን እንኳ ሳይቋጥር፣ «ቤንዚኑ አንሷል፤ አየር ነው የሚያቃጥለው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ክብሪት ቢጫር ሰፈሩ ባዶ ይቀር ነበር።

ምሥጢሩን ያወቅሁት በማግስቱ ለምሳ ቤት ስሄድ ነው። እናቴ ሾርባ ጥዳ፣ «እሳቱን እየው» ብላው ጎረቤት ሄዳለች። ስገባ ድስቱ አርሮ ቤቱ በሽታ ታፍኗል። አባቴ ለወጥ ቤቱ በር ጀርባውን ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል። ምን ይሸታል ብዬ ጮህኩበት። ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ እሱም ምን ይሸታል ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ከድስቱ የተረፈው ቀርቦለት ጥርግ አድርጎ በላ፤ ይጣፍጣል ብሎም አመሰገነ። ከጎረቤት የተመለሰችው እናቴ ጓዳ ጠርታኝ አባትሽን ዕድሜ አበሰለው፣ ይኸው አራት ወር ምግቤን አንድ ቀን ነቅፎ አያውቅም አለችኝ፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ነበር። እኔ ግን ቆጠርኩ። ከአራት ወር በፊት አባቴ ክፉ ጉንፋን ይዞት አሥር ቀን ተኝቶ ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ፣ አባዬ፣ አፍንጫህ ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የሠላሳ ሁለት ዓመት አፍንጫ ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

አዋላጇ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። አባቴ ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ ሳበ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ነው መሰል፣ በትልልቅ ፊደል «ሞተር ይውረድ» ብሎ ጻፈ። አዋላጇ ክው አለች። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች፤ ወር አላት። በዚህ ሳምንት ብቻ ቀናቸው የደረሰ ሦስት እናቶች እንዳሏት፣ አንዷ መንታ እንደያዘች ነገረችው። በእግሬ ልድረስላቸው ወይ አለች፤ ንግግሯ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም፣ የእውነት ጥያቄ ነበር።

እኔ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ብናገር አባቴን በደንበኛ ፊት ላዋርደው ነው። ዝም ብል ደህና ሞተር በትኜ ሴትዮዋን በእግሯ ላስቀር ነው። በመጨረሻ ከማውረዳችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ልለካ አልኩ። መለካት መፍታት አይደለም፤ ሕጉን አልጣስኩም።

ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ ቱቦ ላይ ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል፣ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ተሰክቷል። ሥራው በጭሱ ውስጥ የቀረውን አየር እየለየ፣ ቤንዚን በዛ፣ ቤንዚን አነሰ እያለ ለመኪናው ኮምፒውተር መንገር ነው። የእኔ ሬዲዮ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ መኪና አያውቀውም፤ ስለዚህ ባለ መርፌ ቴስተሬን ይዤ ከሥር ገባሁ። ሽቦውን አየሁ፤ አልተቆረጠም። ቱቦውን አየሁ፤ አልተቀደደም። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ለካሁ። ደህና ሴንሰር ከሆነ መርፌው ላይና ታች ሲል ነው የሚውለው። ይህ ግን ታች ወድቆ ቀረ። ይለየው እንደሆነ ልፈትነው ብዬ በአየር ማስገቢያው እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል ማጠቢያ ስፕሬይ ነፋሁበት፤ ሞተሩ አሳለው፣ ጭሱ ባሰበት፣ ልብስ ሰፊው እንደገና በሩን ዘጋ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መርፌውን ያያል።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ።

«ቤንዚን አንሷል እያለ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ጭስ እየወጣ?»

«አይሸተውም፣ አባዬ። ሞቷል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል።»

«ታዲያ ካልሸተተው አላውቅም አይልም?»

«አላውቅም ማለት አይችልም» አልኩት።

ነገሩ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ምላሴን ነከስኩ፤ ምን ዋጋ አለው። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣና ሄዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

አዋላጇ መለዋወጫ መደብር ሄዳ አዲስ ሴንሰር ይዛ መጣች። የጠመኔው ፍርድ ሳይጠፋ መፍታት ጀመርኩ፤ አባቴም አልከለከለኝም። አሮጌውን ዝገት ይዞት ስታገል አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀሁ፤ ለእናቴ የማይነገር ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። ካንዴላዎቹን አጽድቼ፣ አዲሱን አስሬ አስነሣሁ። ሲሞቅ መርፌው ይዘል ጀመር። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ልብስ ሰፊው ብቅ ብሎ አየንና በሩን ከፈተ።

አዋላጇ ከኋላ ዞራ አሸተተች፤ ደስ አላት። መስታወቱ ላይ ግን «ሞተር ይውረድ» እንደተጻፈ ነው። እሷም የቤታችንን ደንብ ታውቃለችና እስቲ ጋሼ እርስዎ ያረጋግጡልኝ አለችው። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ከጎማው ተነሣ። ጎንበስ አለ። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ። ከዚያ ሦስተኛ ሳበ፤ ሦስተኛ ሲስብ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

«አይሸተኝም» አለ።

«እሰይ፣ ተገላገልን» አለች አዋላጇ።

«የለም ሲስተር። እኔን ነው። ምንም ነገር አይሸተኝም፤ አራት ወር ሆነኝ። ካንዴላም ፊልትሮም ያልኩሽ በግምት ነው።»

ይህን ብሎ እርጥቡን ጨርቅ አነሣና ጽሑፉን አጠፋው።

አዋላጇ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ በተራዋ ትመረምረው ጀመር። መቼ ጀመረ? ጉንፋን ነበረ? የምግብ ጣዕምስ? አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ አንድ በአንድ መለሰ። በበነጋው ጤና ጣቢያ እንዲመጣ አዘዘችው። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብላ እውነቱን ነገረችው። እስከዚያ ግን ቤንዚን የማይሸተው ሰው ጋራዥ ውስጥ ብቻውን እንዳይውል አስጠነቀቀችው።

አባቴ መኪናውን ትኩር ብሎ አየ።

«የእሱ በግማሽ ቀን ተቀየረ» አለ። «የእኔ መለዋወጫ የለውም?»

አዋላጇ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እየቀለደ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

«የእርስዎ እንኳ የለውም፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ በያዘው ጨርቅ ወደ እኔ አመለከተ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የምታሸተው እሷ ናት። የምትፈርደውም እሷ። እኔ አግዛታለሁ።»

ይህን ቃል አሥራ አንድ ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ ሲመጣ በዚህ መንገድ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ደስታ ይሁን ሐዘን እኔም አልለየሁትም። አባቴ ደንግጦ ምን ሆንሽ አለኝ። የቤንዚኑ ሽታ ነው፣ ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩት።

ጋራዡ ውስጥ የቤንዚን ሽታ የሚባል ነገር አልነበረም። አዋላጇ አፍንጫዋ ደህና ነውና አወቀችብኝ። ከቦርሳዋ ቁራጭ ፋሻ አውጥታ እያቀበለችኝ «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» አለችኝ በጆሮዬ። አባቴ ግን እውነት መስሎት፣ ሽታው እንዲወጣልኝ ትልቁን በር ሊከፍት ሄደ።