ከአፈርሳታው የጎደለው ሰው

የሰው ልቡና ከየማን ወደ ጸጋም፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሲያዘነብል እንደ ደራሽ ውኃ ድምፅ አያሰማም፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ጎረቤቱ የሚጠረጥረው፣ ጎረቤቱ ሲያረጋግጠው ባለቤቱ የሚክደው፣ ስውርና ረቂቅ ፍልሰት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» በሚባልበት አገርማ፣ ጻድቅም ቢሆን የትናንት ማዕዱን ትቶ ሲነሣ «ምን ፈልጎ ነው?» መባሉ አይቀርም፤ አንባቢ ሆይ፣ እኔም ተራኪው ከዚህ ጥርጣሬ ንጹሕ አይደለሁም።

የወይራ አምባ አጥቢያ ዳኛ ቀኛዝማች መሸሻ በዘሩ ባላባት፣ በጠባዩ ጭምትና ኩሩ ነበር፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ብሂል እንደ ጸሎተ ሃይማኖት የሚደግም፣ የጭሰኛ አቤቱታ ሲሰማ ዓይኑን ወደ ጣሪያ የሚሰቅል ሰው። የአማቹ የፊታውራሪ ደጀኔ ጎተራ በእሳት በጠፋ ጊዜ እንደ አገሩ ሥርዓት አፈርሳታ አስቀመጠ፤ ይኸውም በዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ነዋሪው ሁሉ፣ ጌታም ሎሌም ሳይቀር፣ በአንድ አጥር ተከቶ፣ እያንዳንዱ የጠረጠረውን በመሐላ ለሽማግሌዎች በጆሮ የሚናገርበት፣ የተናጋሪውም ስም ተሰውሮ «ወፍ ነገረችን» የሚባልበት ሸንጎ ነው። ሕዝቡ በሐምሌ ዝናብ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ወፍ ጎሹ የሚባለውን ጭሰኛ ጠራች፤ ጎሹም ታስሮ ወረደ፣ ኋላም በዚያው በወኅኒ ሞተ። በዚያ በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ሲበተን ግን የጎሹ እናት እመት ድንቄ፣ ነጠላዋ በላይዋ ላይ እንደ ራሰ፣ በዳኛው ፊት ቆማ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሁላችንም ገባን። ሕመምተኛው በቃሬዛ፣ አራሷ ከነልጇ ገባች። ፊታውራሪ ግን የት ነበሩ?»

«ዝም በይ!» አላት። ራሱን ግን ዝም ማሰኘት አልቻለም።

ዘጠኝ ዓመት ያች ጥያቄ ስትወልድ ኖረች። መጀመሪያ ጌታ ከሥርዓት ስለምን ይቀራል አለ፤ ቀጥሎ ያላረሰ ስለምን የአራሹን እኩሌታ ይወስዳል አለ፤ በመጨረሻ «መሬት ላራሹ» የሚሉ ተማሪዎች የበተኑትን ወረቀት በዳዊቱ ማኅደር ሸሽጎ ያነብ ጀመር። አማቹ «መድኃኒት አስነክተውታል» አለ፤ ሚስቱ ወይዘሮ አጸደ የንስሐ አባቱን ጠርታ ጠበል አስጠመቀችው፤ ጭሰኞቹም እኩሌታውን ሲምራቸው እጅ ነሥተው ወጥተው፣ ከደጅ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቦብን ይሆን?» ተባባሉ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከርኅራኄው ጋር የጎሹ ደምና ጥቂት ውዳሴ ከንቱ ሳይቀላቀሉ አልቀሩም።

ከዚያ የፊታውራሪ አዲሱ ጎተራም ነደደ። ፊታውራሪ የጎሹ ወንድም ዘለቀ ይታሰር ብሎ ፎከረ። ቀኛዝማች ግን «አፈርሳታ ይቀመጥ፤ ፊታውራሪም ከሁሉ አስቀድመው ይግቡ» ብሎ ፈረደ፤ ራሱም ከዳኝነት ወንበሩ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ምስጋና ጠብቆ ነበር፤ አንድም ዓይን ወደ እርሱ አልተመለሰም። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተነሡ።

«ወፍ የነገረችን ስም የቀኛዝማች መሸሻ ነው።»

ፊታውራሪ በጥላቻ፣ ሕዝቡ «ሁለቱ አማቾች ያጠመዱብን ወጥመድ ነው፤ ከእኛ ሰው ይልቅ አጥማጁ ይግባበት» ብሎ በፍርሃት፣ ሁሉም አንድ ስም በጆሮ ተናግሮ ነበር። እሳቱን ማን እንደ ለኮሰው እግዚአብሔር ያውቃል፤ ቀኛዝማች ግን አልነበረም፤ ጎተራው በነደደበት ቀን ማኅበር ላይ እንደ ዋለ ሃያ ምስክር ነበረው። ምስክሮቹን ቢጠራ ነጻ ይወጣል፤ አጥሩ ግን እንደ ገና ይዘጋል፣ ወፊቱም በፊታውራሪ ቍጣ ፊት ከዘለቀ በቀር የምትጠራው አይኖራትም። ቀኛዝማች ዘለቀን አየው፤ ፊቱ የጎሹ ፊት ነበር።

«የወፍ ቃል ይጽና» አለና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በገመድ ታሰረ።

ሕዝቡ አሁንም አላመነም፤ የጌቶች ጨዋታ መስሎታል። እመት ድንቄ ግን በምርኵዟ ቀስ ብላ ቀርባ፣ ቋጠሮውን በጣቶቿ ይዛ ሳበችው፣ ደግማም ሳበችው።

«ጠብቋል፣ ልጄ» አለችው።

ከጌቶች ማዕድ መነሣት የአንድ ቀን ቍርጥ ሐሳብ ነው፤ በተገፉት ዘንድ መታመን ግን ገመዱ እጅ ላይ ሳይጠብቅ አይገኝም።